የጥርስ ህመም ድንገት ሲጠፋ

ለቀናት ሲጠዘጥዝ የሰነበተ ጥርስ አንድ ቀን ጠዋት ዝም ሲል ሰው እፎይ ይላል፤ የያዘውን ቀጠሮም ይሰርዛል። በጥርስ ኢንፌክሽን ከዚህ የበለጠ የሚያታልል ምልክት የለም። ሳይታከም ህመሙ የጠፋ ጥርስ ብዙ ጊዜ አልዳነም፤ ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቶ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም፤ ባክቴሪያው ግን በስሩ ጫፍ በኩል ወደ አጥንቱ መግባቱን ይቀጥላል።

እዚህ ከመድረሱ በፊት ጥርስ በቂ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የላይኛው ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ነርቭ ስለሌለው ሲበላ አይታወቅም። ጉዳቱ ከሥሩ ወዳለው ዴንቲን ሲዘልቅ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር መንዘር ይጀምራል። እዚህ ላይ ሰከንድ ቁጠሩ። ቀዝቃዛውን ውሃ እንደዋጣችሁ ህመሙ ወዲያው ከለቀቃችሁ ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ አልሞተም፤ የተበላው ተጠርጎ ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ምንም ሳይነካው በራሱ ከተነሳ፣ ወይም ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ግን በመሙላት ብቻ የሚድንበት ጊዜ አልፏል። ጋደም ሲሉ የሚብሰው ወደ ራስ የሚሄደው ደም ግፊቱ ስለሚጨምር ነው፤ ነርቩ ያለበት ክፍል ዙሪያው ደረቅ ግድግዳ ስለሆነ ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ትኩስ ነገር የሚያስጮኸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ፋታ የሚሰጠው ጥርስ ደግሞ ነርቩ እየሞተ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በአፉ እየያዘ ያነጋ ሰው በዚያው ቀን መታየት አለበት።

በዚህ ደረጃ የታመመው ጥርስ የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። የታችኛው ጥርስ ህመም የላይኛው ሊመስል፣ ጆሮ ወይም አንገት ላይ ሊሰማ ይችላል። ኢንፌክሽኑ ከስሩ ጫፍ ሲወጣ ግን ቦታው ይለያል። በጫፉ ዙሪያ የሚጠራቀመው መግል ጥርሱን ገፋ ስለሚያደርገው የረዘመ ይመስላል፤ አፍ ሲገጠም ከሌሎቹ ቀድሞ ይነካል፣ መንከስም አያስችልም። ለመለየት በማንኪያ እጀታ መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ ቀጥሎ የተጠረጠረውን ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ነው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ መግሉ መውጫ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ድድ ላይ፣ ከስሩ ትይዩ፣ የብጉር ያህል ትንሽ እብጠት ይወጣል። ይሞላል፣ ይፈነዳል፣ አፍ ውስጥ ጨው ጨው የሚልና የሚሸት ነገር ይፈሳል፤ ግፊቱ ስለሚተነፍስ ህመሙ ይቀላል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ያው ብጉር እዚያው ቦታ ተመልሶ ይወጣል። ይህን ለወራት ተሸክሞ መኖር ይቻላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን በስሩ ጫፍ ያለው አጥንት እየተበላ ነው። በመርፌ መውጋትም ሆነ መጭመቅ ምንጩን አይነካውም፣ ሌላ ቆሻሻ ያስገባል እንጂ። በአደጋ ተመትቶ ቀለሙ እየጠቆረ የሄደ ጥርስም፣ ባያምም፣ ነርቩ ሊሞት ስለሚችል መታየት ይገባዋል።

ሁሉም ህመምና እብጠት ከዚህ የሚመጣ አይደለም። የላይኛዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ብዙዎቹ በአንድ ላይ ካመሙና ጎንበስ ሲሉ ከባሰ ሳይነስ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ላይ የተጋደመ ድድ ሲቆጣም እንዲሁ ያብጣል።

አንቲባዮቲክን በተመለከተ ደጋግሜ የምለው ነገር አለ፦ ብቻውን የጥርስን ኢንፌክሽን አያድንም። መድኃኒቱ የሚደርሰው በደም ነው፤ ነርቩ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም። እብጠቱ ይቀንስና ምንጩ ስላልተነካ ይመለሳል። ምንጩ የሚወገደው የስር ህክምና (የሞተውን ነርቭ አውጥቶ፣ ውስጡን አጽድቶ መሙላት) በማድረግ ወይም ጥርሱን በመንቀል፣ የተጠራቀመውን መግልም በማፍሰስ ነው። ትኩሳት ሲኖርና እብጠቱ ሲሰፋ ሀኪም አንቲባዮቲክ ይጨምራል፤ ከሌላ ህመም የተረፈ ክኒን መዋጥ ግን ጉዳት ነው።

ሀኪም ዘንድ እስኪደረስ ለአዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ፣ ከፓራሲታሞል 500 እስከ 1000 ሚሊግራም ጋር ጥሩ ያስታግሳል፤ ፓራሲታሞሉ በ24 ሰዓት ከ4000 ሚሊግራም አይለፍ፣ ጉበቱ የታመመ ሰውም ሀኪም ይጠይቅ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ህመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድና ነፍሰ ጡር የሆነች አይቡፕሮፌን አይውሰዱ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥ፣ ጉንጭ ላይ ከውጭ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ መያዝ፣ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል። አስፕሪን ድድ ላይ አታስቀምጡ፤ ድዱን ያቃጥለዋል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ፦ ዓይን እስኪከደን የሚያብጥ ፊት፣ ከአገጭ ሥር የሚጠጥርና ወደ አንገት የሚወርድ እብጠት፣ ከምላስ ሥር ተነስቶ ምላስን ወደ ላይ የሚገፋ እብጠት፣ ሁለት ጣት እንኳ የማያስገባ የአፍ መከፈት፣ ምራቅ መዋጥ አቅቶ መዝረብረብ፣ የድምፅ መለወጥ፣ የትንፋሽ መቸገር፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር። ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የሚኬደው ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ነው፤ እብጠቱ የአየር ቧንቧን በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። የስኳር ህመምተኛ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድና የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ትንሽ እብጠት ሲያይ ነው መሄድ ያለበት።

ልጆች ላይ ደግሞ «ለማንኛውም የሚወልቅ የወተት ጥርስ ነው» ብሎ መተው አይገባም። ቋሚው ጥርስ የሚያድገው ከወተት ጥርሱ ስር አጠገብ ስለሆነ መግሉ ሊያበላሸው ይችላል። ህፃን ልጅ በአንድ ጎን ብቻ ሲያኝክ ወይም ምግብ ሲገፋ ድዱን በብርሃን እዩ።

ራጅ ተነስታችሁ ምንም የለም ብትባሉም ህመሙ ካለ አትተዉት። በስሩ ጫፍ ያለው አጥንት በደንብ ካልተበላ በራጅ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ሀኪሙ ጥርሱን በቀዝቃዛ ነገርና መታ መታ በማድረግ እንዲፈትሸው፣ ካስፈለገም ከሳምንታት በኋላ ራጁ እንዲደገም ጠይቁ።