ዓርብ ጠዋት ቀፊራ፣ ዓርብ ማታ ሰንበት

ከሐረር ተነስተን ወደ ድሬዳዋ የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። የቅዳሜን ሰንበት አጥብቆ ለሚጠብቅ መንገደኛ ይህ ሙቀት ቀልድ አይደለም፤ ሐረር ላይ የሚያድር ምግብ ድሬዳዋ ላይ ኮምጥጦ ያነጋል።

ከዓርብ ጀንበር እስከ ቅዳሜ ጀንበር አይገዛም፣ አይሸጥም፣ እሳት ላይም አይጣድም። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚያልቀው ዓርብ ነው፤ የድሬዳዋ ዓርብ ግን አጭር ናት። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ለጁምዓ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ከዚያ ሙቀቱና የጫት በርጫው ይከተላል። ቀፊራ ገበያ ገብቶ እስከ 5 ሰዓት መጨረስ ነው።

ስንቁ ደረቅ ቢሆን ይሻላል፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ብርቱካን። ሽሮ አይሞከርም። ምስር ወጥ የግድ ከሆነ ሽንኩርቱ ውሃ ሳይነካው በደንብ ይቁላላ፤ ሲበስል ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ፍሪጅ። ትኩስ እያለ ከተከደነ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ የሚያበላሸውም እሱ ነው። መብራት ከሄደ ግን ፍሪጁም አያድንም፣ ለዚህ ነው ደረቁን የምንመርጠው። ጀሪካን መሙላትም አይረሳ።

ጀንበሯ ኅዳር ላይ 11፡45 ገደማ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 12፡40 ገደማ ትጠልቃለች። ዓመቱን ሙሉ «12 ሰዓት» ብሎ የሚቆጥር ሰው ኅዳር ላይ ሩብ ሰዓት ከሰንበት ይሰርቃል። ኮረብታ ሲጋርዳትም ጠለቀች ማለት አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን በሮች ሰንበት ሳይገባ ያዘጋ ነበር (13፡19)፤ የሐረር ጀጎል በሮችም ዱሮ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም። ዛሬ በሩን የሚዘጋው ሰው ራሱ ነው።

የሆቴሉ ሒሳብ ለሁለት ሌሊት ዓርብ ይከፈላል። ወደ ጸሎት ቤት የሚወስደው ባጃጅም እንዲሁ፣ ደርሶ መልስ ኮንትራት። ባለባጃጁን «ለሰንበት ና» ካሉት እሑድ ከች ይላል፤ «ቅዳሜ» ብሎ መንገር ነው የሚያዋጣው። ነገሩ ባዕድ ሆኖበት አይደለም፤ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በ1450 እ.ኤ.አ. የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወስኗል፣ ኦርቶዶክሱ ዛሬም ቀዳሚት ሰንበት ይላታል። በአፍ ልማድ ግን ሰንበት ማለት እሑድ ነው።

የእሑድ ማለዳ የመኪና ትኬትም ዓርብ ይቆረጣል። ቅዳሜ ጀንበር ጠልቃ እስኪወጡ ትኬት ቢሮው ተዘግቶ ይጠብቃል።