«አላውቅም» ማለት የሚችል ስታክ ትሬስ

ሰርቨር ሳይጠፋ ከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ መጠገን ይቻላል። ሊኑክስ ላይ ይህ ላይቭ ፓች ይባላል። ስህተት ያለበት ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይለያል፣ የተስተካከለው በሞጁል (ከርነሉ እየሠራ በሚጨመርበት የኮድ ቁራጭ) ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ አሮጌውን የሚጠራ ሁሉ ወደ አዲሱ ይዞራል። አንድ የደህንነት ቀዳዳ በተሰማ ቁጥር ሌሊት ተነስቶ ማሽን ሪስታርት ለሚያደርግ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። እኔም ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

ግን ፓቹ በሚጫንበት ቅጽበት አሮጌው ፋንክሽን ውስጥ ያለው ታስክ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ምን ይሆናል? አሮጌው ኮድ ሎኩን (ሁለት ሥራ አንድ ዳታ ላይ እንዳይጋጭ የሚያዘውን ቁልፍ) ሳይዝ ቀርቶ አዲሱ ሎኩን ልልቀቅ ቢል ማሽኑ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከርነሉ አንድን ታስክ ወደ አዲሱ ኮድ ከማሻገሩ በፊት ስታኩን፣ ማለትም ገና ያላለቁ የፋንክሽን ጥሪዎች መመለሻ አድራሻ የሚቀመጥበትን ሚሞሪ፣ ያያል። የሚለወጠው ፋንክሽን እዚያ ካለ ይጠብቃል፣ ከሌለ ያሻግረዋል።

እዚህ ለመድረስ ዓመታት ወስዷል። በ2014 ሁለት መንገዶች ወጡ። የሬድ ሃት ኬፓች ማሽኑን በሙሉ ለአፍታ አቁሞ የሁሉንም ታስክ ስታክ ይፈትሽ ነበር። የሱሴ ኬግራፍት ደግሞ ስታክ አያይም፤ እያንዳንዱን ታስክ ለብቻው፣ ከከርነል ወጥቶ ወደ ተጠቃሚው ፕሮግራም ሲመለስ ያሻግረዋል። በ2015 ለሁለቱም የሚሆን መሠረት ሊኑክስ 4.0 ውስጥ ገባ። ሁለቱን ሐሳቦች ያጣመረው አሠራር ግን የገባው በ2017፣ ሊኑክስ 4.12 ላይ ነው። በመሐል አንድ ከባድ ክርክር ነበር፦ ስታክ ትሬስ፣ ማለትም ከስታኩ ተነብቦ የሚወጣው የጥሪ ዝርዝር፣ ይታመናል ወይ?

ያ ክርክር እኔ ጋ የደረሰው በሥራ ቦታዬ የራሳችንን ከርነል መገንባት ስንጀምር ነው። ከዋናው የሊኑክስ ኮድ ውጪ የሆነ ድራይቨር (ሃርድዌር የሚያንቀሳቅስ ኮድ) አለን። ለፍጥነት ሲባል ከፊሉ በእጅ በአሴምብሊ፣ በማሽኑ መመሪያዎች ቋንቋ፣ የተጻፈ ነው። ላይቭ ፓች ስንጭን አንዳንድ ማሽኖች ላይ ሽግግሩ አያልቅም ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደቀረ ለየሁ። ፕሮክ በሚባለው የከርነል መረጃ ማውጫ ስር እያንዳንዱ ታስክ «ፓች ስቴት» የሚባል ፋይል አለው። ፓች እየተጫነ ከሆነ 0 ያልተሻገረ፣ 1 የተሻገረ ማለት ነው። ቀጥሎ የላይቭ ፓቹን የዲበግ (የስህተት ፍለጋ) መልእክት አበራሁ። ያኔ ከርነሉ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ወይ ታስኩ እውነትም የሚለወጠው ፋንክሽን ውስጥ ተኝቷል፣ ወይ ስታኩ አይታመንም። ከሥራው ግማሹ እነዚህን ሁለቱን አለማምታታት ነው። የመጀመሪያው የፓቹ ችግር ነው፤ ሁለተኛው የስታክ ትሬሱ።

ማሽን ሲወድቅ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ትሬስ አይታችሁ ከሆነ አንዳንዱ ስም ፊት የጥያቄ ምልክት አለ። አድራሻው ስታኩ ላይ ተገኝቷል፣ የጥሪው ሰንሰለት አካል መሆኑ ግን አልተረጋገጠም ማለት ነው። ለዲበግ ይህ ምንም አይልም። ትርፍ ስም ቢገባ የሚያነበው ሰው ያጣራዋል። ላይቭ ፓች ላይ ግን የሚያጣራ ሰው የለም፤ ከርነሉ አይቶ እዚያው ይወስናል። አንድ ስም ከጎደለ ታስኩ ያለጊዜው ይሻገራል። ስለዚህ ያላየውን አላየሁም የሚል ምስክር ያስፈልጋል። ስታኩን እስከ መጨረሻው መከተል ያልቻለ ትሬስ ስህተት መመለስ አለበት። ያኔ ከርነሉ ታስኩን ይተወውና ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። መዘግየት ጉዳት የለውም።

ችግሩ ትሬሱ መሳሳቱን ራሱ የማያውቅበት ጊዜ መኖሩ ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ የነገሩ ሥር ይህ ስለሆነ።

ፍሬም አንድ ጥሪ ስታኩ ላይ የያዘው ቦታ ነው። በፍሬም ፖይንተር አሠራር የፍሬሙን አድራሻ የሚይዘው አርቢፒ የሚባል ሪጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ መያዣ) ነው፤ አንድ ፋንክሽን ሲጀምር የጠሪውን አርቢፒ ስታክ ላይ ያስቀምጥና የራሱን ይተካል። ከፍሬም ወደ ፍሬም እየተከተሉ መመለሻ አድራሻዎቹን ማንበብ ነው። አሁን ሀ ለን ጠራ፣ ለ ደግሞ ሐን ጠራ እንበል። ለ ፍሬም ባይሠራ ከትሬሱ ማን ይጎድላል? ብዙ ሰው «ለ» ይላል። የሚጎድለው ሀ ነው። ወደ ለ የሚመልሰው አድራሻ በሐ ፍሬም ላይ ስላለ ይነበባል። ሐ ያስቀመጠው አርቢፒ ግን የሀ ፍሬም ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ሀን የጠራው ፋንክሽን አድራሻ ነው። ወደ ሀ የሚመልሰው ተዘለለ። ትሬሱ እስከ መጨረሻው በሰላም ይደርሳል፣ ስህተትም አይመልስም። ፓቹ የሚለውጠው ሀን ከሆነ አደጋው ይታያችኋል።

ይህን ማሽኑ እየሠራ መያዝ አይቻልም። መያዝ ያለበት ኮዱ ሲገነባ ነው። በ2016 ሊኑክስ 4.6 ላይ የገባው ኦብጅቱል የተሠራው ለዚህ ነው። ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ኮድ መመሪያ በመመሪያ እየተከተለ፣ ፍሬም ሳይሠራ ሌላ ፋንክሽን የሚጠራ ካገኘ ያስጠነቅቃል። የእኛን ድራይቨር በእሱ ሳሳልፈው አሴምብሊው ላይ ማስጠንቀቂያው ተደረደረ። አንዳንዱ ቦታ ፍሬም የለም። አንዳንዱ ቦታ ደግሞ አርቢፒ ራሱ የሂሳብ ዳታ መያዣ ሆኗል። የከርነሉ የራሱ የክሪፕቶ አሴምብሊም ይህ ችግር ነበረበት፣ በ2017 ነው የተስተካከለው። እኔም ያንኑ መንገድ ተከተልኩ፦ ዳታውን ወደ ሌላ ሪጂስተር ማዛወር፣ ሪጂስተር ካለቀ ስታክ ላይ ማስቀመጥ፣ ሌላ ፋንክሽን በሚጠሩት ላይ ከርነሉ ያዘጋጃቸውን የፍሬም ማክሮዎች መጨመር። ከዚያ የኦብጅቱል ማስጠንቀቂያ ካለ ግንባታው እንዲቆም አደረግኩ። ማስጠንቀቂያ ዝም ተብሎ ከታለፈ ትሬሱን ማመን አይቻልም።

ይህም ሆኖ የቀሩ ታስኮች ነበሩ። አንድ ፋንክሽን ገና አርቢፒን ሳያስቀምጥ ኢንተራፕት (ሥራውን የሚያቋርጥ የሃርድዌር ጥሪ) ወይም ፔጅ ፎልት (የተፈለገው የሚሞሪ ገጽ ዝግጁ ባለመሆኑ የሚመጣ መቋረጥ) ቢመጣ፣ ከላይ ያልኩት የሀ መጥፋት በትክክል ይደገማል። ስለዚህ በፍሬም ፖይንተር የተገነባ የኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) ከርነል ስታኩ መሐል ላይ በከርነል ሞድ የተቋረጠ ሥራ ካየ ወዲያው ስህተት ይመልሳል። ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ግን ዳታ ወደ ተጠቃሚ ሚሞሪ ሲገለብጡ ፔጅ ፎልት ላይ የሚቆዩ ታስኮች ስላሉን ሽግግሩ ይጓተት ነበር።

መፍትሔው ኦርክ ወደሚባለው ሌላ የስታክ አነባበብ መዞር ሆነ። በ2017 ሊኑክስ 4.14 ላይ የገባ ነው። እዚህ ኦብጅቱል ከማስጠንቀቅ አልፎ ሰንጠረዥ ይጽፋል፤ በየትኛውም መመሪያ ላይ ብትቆሙ መመለሻ አድራሻው ስታኩ ላይ የት እንዳለ ይናገራል። ፋንክሽኑ የትም ቦታ ላይ ቢቋረጥ ትሬሱ መንገዱን ያገኛል። ዋጋው ከ2 እስከ 4 ሜጋባይት ገደማ ሚሞሪ ነው። በምትኩ ፍሬም ፖይንተር አንዳንድ ሥራ ላይ የሚወስደው ከ5 እስከ 10 በመቶ ፍጥነት ይመለሳል። ኤክስ86 ላይ ላይቭ ፓች የምትሠሩ ከሆነ ሳታመነቱ ኦርክን ምረጡ።

ኦርክም የራሱን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድራይቨራችን ከባድ ብልሽት ሲገጥመው የሚጠራው፣ ጨርሶ የማይመለስ ፋንክሽን አለው። ኮምፓይለሩ ፋንክሽኑ እንደማይመለስ ካወቀ ከጥሪው በኋላ ምንም ኮድ አያወጣም። ያኔ መመለሻ አድራሻው የሚያመለክተው ከሥር ያለውን፣ ምንም የማይመለከተውን ፋንክሽን ነው። ትሬሱ ከአድራሻው አንድ ቀንሶ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ኦብጅቱልም እንደማይመለስ ካልተነገረው የኮዱን ፍሰት አሳስቶ ይከተላል። ስሙን ከማይመለሱት ዝርዝር ውስጥ ጨመርኩት፣ አለቀ።

ለመፈተሽ ትንሽ ሞጁል ጻፍኩ። የማውቀውን የጥሪ ሰንሰለት ሠርቶ ታች ላይ ይተኛል። ከዚያ ትሬሱን እጠይቃለሁ። ሁሉንም ስም ከዘረዘረ አለፈ። ስህተት ከመለሰም አለፈ። የሚወድቀው «ተሳክቷል» ብሎ አንድ ስም ካጎደለ ብቻ ነው። ይህንኑ ኬሬትፕሮብና የፋንክሽን ግራፍ ትሬሰር የሚባሉ የከርነል መከታተያዎች በርተው ደገምኩት። ሁለቱም መመለሻ አድራሻውን በራሳቸው ስለሚተኩ ትሬሱ ዋናውን ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ስታኩ ታማኝ ሆኖም የማይሻገሩ ከርነል ትሬዶች (ከርነሉ ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ታስኮች) ይኖራሉ። ዋናው ሉፕ የሚለወጠው ፋንክሽን ውስጥ ከሆነ ትሬዱ ከዚያ አይወጣም። ከርነሉ የዘገዩትን በየ15 ሰከንዱ ሊቀሰቅሳቸው ይሞክራል፣ ለእንዲህ ያለው ግን አይጠቅምም። እኔ ፓቹን እለውጠዋለሁ፤ ሉፑን ትቼ ከሉፑ የሚጠራውን ፋንክሽን እጠግናለሁ። «ፎርስ» የሚባል ፋይልም አለ፤ 1 ከተጻፈበት ሁሉም በግድ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ ግን የፓቹን ሞጁል ማውጣት አይቻልም፣ የስታክ ፍተሻውም ዋጋ ያጣል። እኛ ጋ በስክሪፕት ውስጥ እንዳይገባ ከልክያለሁ።

አሁን የያዝኩት ኤአርኤም 64 የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸውን ማሽኖቻችንን ነው። እዚያ ጥሪ ሲደረግ መመለሻ አድራሻው መጀመሪያ የሚቀመጠው ሊንክ ሪጂስተር ውስጥ ነው፤ ወደ ስታክ የሚወርደው ፋንክሽኑ ራሱ ሲያስቀምጠው ነው። በዚያች ክፍተት ኢንተራፕት ቢመጣ ስታኩን ብቻ ማንበብ አይበቃም፣ ሪጂስተሩም መታየት አለበት። የሙከራ ሞጁሉን ለዚህ እንዲሆን እየጻፍኩት ነው።