ካርታው ማን ጋ ነው?

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የቆየ የእንግሊዝ ፊልም ከፈትኩ። «ዘ ሻዶ ኦቭ ዘ ካት» ይባላል፣ የድመቷ ጥላ እንደማለት ነው። በፈረንጆች 1961 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ። ዳይሬክተሩ ጆን ጊሊንግ ነው። እንቅልፍ ያመጣልኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ አይቼው ስጨርስ መተኛት አቃተኝ።

ሲጀምር አንዲት አሮጊት ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ጣሪያ ስር ባለች ክፍል ቁጭ ብላ ለድመቷ ግጥም ታነባለች። ኤላ ቬነብል ናት፣ ሀብታም ናት። የምታነበው የኤድጋር አለን ፖን «ቁራው» ነው። ድመቷ ታቢታ አጠገቧ ሆና ታዳምጣለች። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያዳምጣት ያለ አይመስልም። ከዚያ የቤቱ አሽከር ይገባና ደብድቦ ይገድላታል። የነገሩ ባለቤት ደግሞ ባሏ ዋልተር ነው። ባልየው፣ አሽከሩና የቤት ሠራተኛዋ ሦስት ሆነው ሬሳዋን ጫካ ወስደው ይቀብሩታል። ድመቷ ሁሉንም አይታለች።

ዋልተር ሁሉን ለእሱ የሚሰጥ ኑዛዜ አስጽፏታል። ግን ከዚያ በፊት የተጻፈ ሌላ ኑዛዜ አለ፣ ንብረቱን ለምትወዳት ዘመዷ ለቤዝ የሚያወርስ፣ እሱም ቤቱ ውስጥ የሆነ ቦታ ተደብቋል። ስለዚህ ዋልተር ዘመዶቹን ይጠራል። እነሱም ድርሻቸውን እያሰሉ ይመጣሉ። ሥራቸው ሁለት ነው፣ ወረቀቱን ማግኘትና ድመቷን መግደል።

ይቺ ድመት ተራ የቤት ድመት ናት። አታስፈራም። አንዳንዱ ትዕይንት በእሷ ዓይን ነው የሚታየው፣ ያኔ ምስሉ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ የሰዎቹ ፊት ይጣመማል። አሽከሩ እሷን ሲያሳድድ ረግረግ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ሠራተኛዋ ደንግጣ ከደረጃ ትወድቃለች። ዋልተር ልብ ሕመምተኛ ነው፣ ድመቷ መኝታ ቤቱ ስትገባ በድንጋጤ ይሞታል። ልብ ብሎ ላየው ሰው ድመቷ ማንንም አልገደለችም። የገዛ ሥራቸው ነው ያሳደዳቸው። ዋልተርን ሆኖ የሚሠራው አንድሬ ሞሬል ነው፣ የፍርሃቱ ነገር የምር ፊቱ ላይ ይነበባል። ቤዝን የሆነችው ባርባራ ሼሊም ጥሩ ናት፣ የእሷና የአንድ ጋዜጠኛ ፍቅር ግን አልጣመኝም፣ ባይኖርም አይጎድልም ነበር። ሙዚቃው የግሪኩ ሚኪስ ቴዎዶራኪስ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ ገረመኝ።

ፊልሙን እያየሁ አንድ ነገር ስጠብቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ «ወይ ኤላ» ብሎ ሲያዝንላት ማየት። ከቤዝ በስተቀር ማንም የለም። ሴትዮዋ ጫካ ውስጥ አፈር ለብሳ እነሱ ወረቀት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ነው ሆዴን የባሰው።

እኛ ቤት ማንም ማንንም አልገደለም። አያቴ ዕድሜ ጠግባ፣ አልጋዋ ላይ ነው ያረፈችው። ግን በሁለተኛው ቀን፣ ሰልስቷ እንኳ ሳይደርስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ፣ እኔ ጓዳ ሲኒ እያጠብኩ፣ አንድ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካርታው ማን ጋ ነው?» ሲል ሰማሁት። ያን ጊዜ አላመመኝም። ተገቢ ጥያቄ መስሎኝ ነበር።

የሳጥኗን ቁልፍ ሁልጊዜ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ነበር የምትውለው። እዚያው ተገኘ። አራት ሆነን መኝታ ቤቷ ገባን። ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የእጣን ሽታ ወጣ። ከላይ ያልተለበሰ ጥበብ ቀሚስ ነበር፣ ከስሩ በፌስታል የተጠቀለለ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ፣ የየዓመቱ ተለይቶ በክር የታሰረ። አንድም አልጎደለም። ከዚያ የወጣትነቷ ፎቶ ወጣ። አጎቴ አንስቶ ከስሩ ያለውን አየና አልጋው ላይ ወርወር አደረገው። ፎቶው በፊቱ ተደፋ።

እኔ አላነሳሁትም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኬን እያበራሁላቸው ነበር። የሚፈልጉት እንዲታያቸው ሳጥኑን ያበራሁት እኔ ነኝ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ካርታው ተገኘ። ክርክሩ ፍርድ ቤት አራት ዓመት ፈጀ። ቤቱ ተሸጦ ብሩ ተከፋፈለ፣ ሲካፈሉት ለማንም ጠብ የሚል ነገር አልሆነም። ሁለቱ አጎቶቼ እስከ ዛሬ የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው፣ እዚያም ፊትና ጀርባ ሆነው ይቀመጣሉ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሌላ ቤተሰብ ወደዚያ ቤት ይገባል። ገና ዕቃ ሳይዘረጉ የራሳቸውን ሽማግሌ ሀብት ማን እንደሚወስድ ያወራሉ። ድመቷ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች።

ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ብዙ ቆየሁ። ያቺ የመጀመሪያዋ ትዕይንት አልሄድ አለችኝ፣ አሮጊቷ ለድመቷ ስታነብ። አያቴም ጠዋት ጠዋት፣ ቡና ሳይፈላ፣ ዳዊት ትደግም ነበር። በድምፅ ነው የምታነበው፣ እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ እሰማታለሁ። ጠርዙ የተበላ፣ ቆዳው በእጇ ብዛት የጠቆረ ዳዊት ነበር፣ ራስጌዋ ነበር የሚቀመጠው። ያን ቀን ስንገባም እዚያው ነበር።

አሁን ማን ጋ እንዳለ አላውቅም። ያኔ ማንም አልጠየቀም።