ድመቴና ስፒከሩ

ትናንት ማታ የምወደውን ዘፈን ከፍቼ ተጋድሜ ነበር። ዘፋኟ ትንፋሿን ሰብስባ ድምጿን ከፍ የምታደርግበትን ቦታ በቃሌ ስለማውቀው፣ ገና ሳትደርስበት ክንዴን ውርር አደረገኝ። ድመቴ ስፒከሩ ሥር ተጠቅልላ ተኝታለች። ግራ ጆሮዋን ብቻ ወደ ድምፁ አዞረች፣ ትንሽ አቆየችውና መለሰችው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ተቀየምኳት። (ድመት መቀየም ያስቃል፤ ግን ተቀየምኳት።)

ቆይቼ ሳስበው ግን እኔን የወረረኝ ዜማው ብቻ አይደለም፤ መጠበቁም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሞንትሪያል የተሠራ ጥናት ዶፓሚን (ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘ ኬሚካል) አንጎላችን ውስጥ የሚለቀቀው የምንወደው ቦታ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ቀደም ብሎም፣ ገና ስንጠባበቀው እንደሆነ አሳይቷል። እሷ ከዚያ ዘፈን ምን ትጠብቃለች? ምናልባት ከማቀዝቀዣው እዝዝታ አይለይባትም።

ደግሞ ሙዚቃው የተሰፋው በእኔ ልክ ነው። ቻርልስ ስኖውዶንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ለድመት ተብሎ የተቀመረ ሙዚቃ ለ47 የቤት ድመቶች አሰምተው ነበር። ድምፁ ድመቶች እርስ በርስ በሚጠራሩበት ከፍታ፣ ምቱ ደግሞ ደስ ሲላቸው ኩርርር በሚሉበት ወይም ግልገል ጡት በሚጠባበት ፍጥነት ነው። ድመቶቹ ለሰው ሙዚቃ እምብዛም ትኩረት ሳይሰጡ፣ የራሳቸው ሲከፈት ወደ ስፒከሩ እየሄዱ ተሻሹት። እንግዲህ የእኔዋን ለሙዚቃ ጆሮ የላትም ማለት አልችልም።

በእኛ ዘፈን የሚጨፍርም አለ። ስኖውቦል የሚባለው ነጭ በቀቀን፣ ተመራማሪዎች የዘፈኑን ፍጥነት ሲቀያይሩበት እግሩን እያነሣና ራሱን እየነቀነቀ ይከተል ነበር፤ ሁልጊዜ ባይሳካለትም። ያኔ ምት መያዝ የሚችለው የሰማውን ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ እንስሳ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሮናን የተባለች የባሕር አንበሳ መጣች። ድምፅ በማስመሰል የማይታወቅ ዘር ናት፤ ከሥልጠና በኋላ ግን ሰምታው በማታውቀው ዘፈን ሳይቀር ራሷን በምቱ ነቀነቀች። አንድ እንስሳ የምሁራንን ሐሳብ እንዲህ ሲያናጋ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ ይለኛል።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ድመቴ ድንገት ቀና አለች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ቁም ሳጥኑ ጥግ ቀጥ አሉ፣ ጢሟ ወደ ፊት ተወጠረ፣ የጅራቷ ጫፍ መወዛወዝ ጀመረ። የእኔ ጆሮ ቢበዛ በሰከንድ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ የእሷ ከ60,000 ያልፋል። አይጦች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት እኔ በማልሰማው በዚያ ከፍታ ነው። ሙዚቃውን አጥፍቼ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አዳመጥኩ። ምንም። እሷ ግን ዓይኗን ሳትነቅል፣ መሬት ለመሬት እየተሳበች ወደ ጥጉ ሄደች።