የህክምና ጥናት ከመሃል ጀምሬ ነው የማነበው

ሐኪም አይደለሁም። ቤተሰባችን ውስጥ የልብ ሕመም ከገባ ወዲህ ግን የጤና ዜና አሳዳጅ ሆኛለሁ። «የእንትን ህክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች አዲስ ግኝት ይፋ አደረጉ» የሚል ዜና አያልቅም። ግኝቱ ይመጣል፣ ሰው ይቀባበለዋል፣ ከዚያ ደብዛው ይጠፋል። ሲበዛብኝ ዜናውን ትቼ ራሱን ጥናቱን ማንበብ ጀመርኩ።

ጋዜጠኞችን ብቻ አትውቀሱ። ማጋነኑ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት፣ 20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ያወጧቸውን 462 ጋዜጣዊ መግለጫዎች ከዋናዎቹ ጥናቶች ጋር አመሳክሮ ነበር። በእንስሳት ላይ ስለተሠሩ ጥናቶች ከወጡት መግለጫዎች 36 በመቶዎቹ፣ የታየውን ወደ ሰው ሲያመጡ ጥናቱ ካለው በላይ ሄደዋል። ስለዚህ መግለጫውን የምከፍተው የጥናቱን ርዕስና የጆርናሉን ስም ለመልቀም ብቻ ነው። ከዚያ ፐብሜድ በሚባለው የህክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ እፈልገዋለሁ፤ ነጻ ነው። ሙሉው ጽሑፍ በክፍያ ከተዘጋ ለተመራማሪው ኢሜይል እጽፋለሁ። ደስ ብሏቸው የሚልኩ አሉ። ሥራቸውን የሚያነብላቸው ሰው ሲገኝ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ጽሑፉ ሲገኝ መግቢያውን እዘለዋለሁ። መደምደሚያውንም አላየውም። መደምደሚያው ቀድሞ ከገባብኝ ሌላውን ሁሉ በእሱ መነጽር ነው የማየው። በቀጥታ ወደ ዘዴው ክፍል እገባለሁ። ጥናቱ በማን ላይ ተሠራ? በአይጥ? በሴል? በሰው ከሆነ፣ ሰዎቹ መድኃኒቱን የሚወስዱትና የማይወስዱት በዕጣ ተለይተዋል ወይስ ራሳቸው መርጠው ነው? ግማሹ ዜና እዚህ ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ የምጠይቀው ምን ለኩ የሚለውን ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይኼ ነው። ያስተማረኝ ደግሞ ካስት የሚባል የቆየ ሙከራ ነው። በጊዜው የልብ ጥቃት ደርሶባቸው የተረፉ፣ የልብ ምታቸው ግን የሚዛባ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ይታወቅ ነበር። ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉት መድኃኒቶች ደግሞ ምቱን ያስተካክላሉ። እንግዲህ ሞትም ይቀንሳል ተባለ። ማን ይጠረጥራል? በዕጣ ተከፍለው ሲሞከር፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ። ባዶ እንክብል ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ናቸው። ማሽኑ ላይ ያለው መስመር አምሮ፣ ሰውዬው ግን ሞተ። ከዚያ ወዲህ «ይህን ያህል ቀነሰ» የሚል ሳነብ፣ የቀነሰው የላብራቶሪ ቁጥር ነው ወይስ የሰው ስቃይ ብዬ አጣራለሁ።

በመቶኛ የተጻፈ ነገርም በቀላሉ አላልፍም። በ2002 የወጣው የአሜሪካ ሴቶች ጤና ጥናት፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉትን ሆርሞኖች አንድ ላይ መውሰድ የጡት ካንሰርን በ26 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያስደነግጣል። በሰው ሲቆጠር ከ10,000 ሴቶች በዓመት ከ30 ወደ 38 ከፍ አለ ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስምንት ሰው ትንሽ ነው እያልኩም አይደለም፤ ለመወሰን ግን የሚጠቅመኝ ሁለተኛው ነው። ጽሑፉ መቶኛውን ብቻ ሰጥቶኝ ከሆነ ሠንጠረዡ ውስጥ ገብቼ ራሴ አሰላለሁ። ካልኩሌተር ይበቃል።

ለማን ሠራ የሚለውም አለ። በ2020 ኦክስፎርድ የመራው ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ ዴክሳሜታሶን የሚባለው መድኃኒት የኮቪድ ሕሙማንን ሕይወት እንደሚያተርፍ አረጋገጠ። ወሬው ሲዛመት «ዴክሳሜታሶን ኮቪድን ያድናል» ሆኖ አረፈው። ሠንጠረዡ ግን ሌላ ነው። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት፣ መድኃኒቱን ካገኙት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 29.3 በመቶ ሲሆኑ ካላገኙት 41.4 በመቶ ሞተዋል። ትልቅ ልዩነት ነው። ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው በነበሩት 23.3 ለ26.2 ሆነ። ኦክስጅን ጭራሽ ባላስፈለጋቸው ላይ ግን ጥቅም አልታየም። እንዲያውም 17.8 ለ14 ነው፤ መድኃኒቱን በወሰዱት በኩል የሞተው በዛ። በስታቲስቲክስ ጎጂ ነው ለማለት ባይበቃም፣ ጉንፋን መሰል ነገር ይዞት ቤቱ ለተኛ ሰው እንክብሉን የሚያስገዛ አይደለም። ደግነቱ ይህ ሁሉ በጥናቱ ማጠቃለያ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ተመራማሪዎቹ አልደበቁም፤ ወሬው ነው የቆረጠው።

መጨረሻ ላይ የምዝገባ ቁጥሩን አያለሁ። ከ2005 ጀምሮ ታላላቅ የህክምና ጆርናሎች፣ በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከማጠቃለያው ሥር አለ። መዝገቡን ከፍቼ ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ እንለካለን ያሉትንና ጽሑፉ ላይ በዋና ውጤትነት ያቀረቡትን አስተያያለሁ። ከተለያየ ጽሑፉ ውስጥ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ምክንያት ካልሰጡ፣ ለሐኪማችን ከማሳየው ዝርዝር ውስጥ አወጣዋለሁ።