ፎርዋርድ ያልተደረገ የእንቁጣጣሽ መልእክት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን የምጽፈው በበዓሉ ማለዳ ነው። ቤቱ ቄጠማ ቄጠማ ይሸታል። ቡናው ገና አልተቆላም። ስልኬ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ አላረፈም። ከአልጋ ሳልወርድ 47 መልእክት ቆጠርኩ። ከፍቼ ሳያቸው 31ዱ ቃል በቃል አንድ ናቸው። ያው የአደይ አበባ ፎቶ፣ ያው ወርቃማ ጽሑፍ፣ ያው «የሰላም፣ የጤና፣ የፍቅር ዓመት ይሁንልን»። አንዱ ከአክስቴ ነው። አንዱ ከባንክ። አንዱ ደግሞ ማን እንደሆነ ከማላውቀው ቁጥር። አክስቴና ባንኩ በአንድ አፍ ሲመርቁኝ ትንሽ ግር አለኝ።

ቅር ብሎኝ እንዳይመስላችሁ። ቅር የማለት መብትም የለኝም። አምና በዚህች ቀን ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ።

የሆነ መልእክት ደረሰኝ፤ ግጥም ቢጤ ነው። ወደድኩት። ሙሉውን ሳላነብ ስልኬ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ላክሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ መልስ መጣ። ልጅ ሳለሁ ሂሳብ ያስተማሩኝ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ መምህሬ ናቸው። «ልጄ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ለመሆኑ መቼ ነው የሦስት ልጆች አባት የሆንከው? ባለቤትህስ ደህና ናት?» ይላል። ደነገጥኩ። ወደ ላይ ወጥቼ የላክሁትን አነበብኩት። ከግጥሙ ሥር «ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር» የሚል አለ። እኔ እንኳን ሦስት ልጅ ድመትም የለኝ!

ወዲያው ደወልኩላቸው። እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን እንዲህ አሉኝ፦ «የአንተ ደብተር ስህተት ይበዛው ነበር። ግን ስህተቱ የራስህ ነበር።»

ያቺ ንግግር ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። ምክንያቱም አሁን ደብተር አራሚው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። የቤት ሥራ ስሰበስብ 60 ደብተር ይከመርልኛል። አንድ ቀን 19 ደብተር ላይ ኔጌቲቭ 3 በኔጌቲቭ 4 ተባዝቶ ኔጌቲቭ 12 ሆኖ አገኘሁት። እዚያው መስመር ላይ፣ ያችው ስርዝ ድልዝ ሳትቀር። ስህተትም ይኮረጃል ማለት ነው። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ዓይነት መጥቷል። አንድ ተማሪዬ የጻፈው ማብራሪያ በጣም አማረኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። መጨረሻው ላይ «ተጨማሪ እገዛ ከፈለግክ ንገረኝ» ይላል። ስልኩ የጻፈለትን አንዲት ቃል ሳያስቀር ገልብጦታል። ልቆጣው ስል ሦስቱ ልጆቼ ትዝ አሉኝና ዝም አልኩ።

ስለ ኩረጃ ከተነሳ ያ የ12ኛ ክፍል ፈተና አይረሳኝም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ፈተና እንዳይሰረቅ፣ እንዳይኮረጅ ተብሎ ነው። ጥር ላይ ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ጉድ አለ። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ፣ በሄድኩበት ሁሉ የሚወራው «የዛሬ ልጅ» ነበር። ነገሩ ብዙ ምክንያት አለው። ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ጦርነት ነበር። እኛ መምህራንም ከደሙ ንጹህ አይደለንም። ግን «የዛሬ ልጅ» የምትለዋ ነገር ታበሽቀኛለች። ልጁ ኩረጃን ከየት አመጣው? አባቱ ለሟች ወዳጁ «ነፍስ ይማር» የሚለው ሌላ ሰው በሠራው ስቲከር ነው። ታላቅ ወንድሙ የምረቃ ንግግሩን ያገኘው ኢንተርኔት ላይ ነው። መምህሩ ደግሞ፣ ያው እንደምታውቁት፣ የሰው ሚስትና የሰው ልጆች ይዞ እንኳን አደረሳችሁ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ሁልጊዜ የሚሞግተኝ ነገር አለ። «የድሮውስ ቢሆን?» ይለኛል። «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን መባባልም ኮፒ ነው እኮ። አያቶቻችን አልፈጠሩትም፤ ተቀባበሉት።» እውነቱን ነው። አፌን ያዘኝ። ሳስበው ግን አያቴ ያችን የሁሉም የሆነች ቃል ለጎረቤት ለማድረስ የክረምቱን ጭቃ ማቋረጥ ነበረባት። ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጠች ትሄዳለች፣ አጥር ትሻገራለች፣ ውሻ ይጮህባታል። ቃሉን ከሰው ወስዳለች፤ መንገዱን ግን በገዛ እግሯ ነው የሄደችው። ደርሳም ፊት ታያለች። ያ ሰው ከስቶ ከሆነ ታውቃለች። እኔ ለስንት ሰው ነበር የላክሁት? ከእነሱ መካከል አምና ማን እንደታመመ፣ ማን ከሥራ እንደወጣ አላውቅም ነበር።

ስልክ ይጥፋ ማለቴ አይደለም ደግሞ። እህቴ ውጭ አገር ናት። ቪዲዮ ባይኖር የልጇን የመጀመሪያ ጥርስ መች አያት ነበር?

ባለፈው ሰኞ የሆነውን ላውራችሁ። ጳጉሜ 3 ነበር፤ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርታችን የመጨረሻ ቀን። ሩፋኤል ስለሆነ ዝናቡም አልቀረም። የጳጉሜ ጠበል ነው ብለው መሰለኝ፣ እነዚህ ጢም ያበቀሉ ልጆች ግማሾቹ ሆን ብለው ተነክረው ነው የገቡት። ትምህርት የሚባል ነገር በዚያ ቀን አይታሰብም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «ባሕረ ሐሳብ» ብዬ ጻፍኩ፤ የአባቶቻችን የዘመን ስሌት ነው። በየዓመቱ ቴሌቪዥን ላይ «ዘመነ እንትን» ሲባል ትሰማላችሁ፤ ከየት እንደሚመጣ እናስላው አልኳቸው።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ስልክ ላይ አለ እኮ» አለች። አውቃለሁ አልኳት። ጀመርን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ተብሎ የሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ደምሩ። 7518። ለ4 አካፍሉት፤ 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። 1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ስለዚህ ማርቆስ። (ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው።) ከዚያ ያንን 1879 ከ7518 ጋር ደምሩት፤ 9397። ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። መስከረም 1 ሐሙስ ይውላል። ክፍሉ ትንሽ ጸጥ አለ። እስቲ ደግሞ ሁላችሁም የተወለዳችሁበትን ዓመት መስከረም 1 አውጡት አልኳቸው።

ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። የተወለደው በ2000 ዓ.ም. ነው። 7500 ለ4፣ 1875፤ የሚቀር የለም። ዘመነ ዮሐንስ። ሲደምር 9375፤ ለ7 ሲያካፍል 2 ቀረው። «ረቡዕ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቱ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ከዚያ ያ ልጅ ቀና ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ቲቸር፣ ስልኩም ልክ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ስቄ ስጨርስ ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ያዘኝ። ለአንዲት ደቂቃ የሚታረመው ስልኩ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ለጅምላ መልእክት እጄን አልዘረጋሁም። ከንጋት ጀምሮ አንድ በአንድ እየጻፍኩ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው እኔና እሱ ብቻ የምናውቀውን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ይደክማል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የደረስኩት ዘጠኝ ሰው ጋ ነው። አንድ የድሮ ጓደኛዬ ጋ ስደርስ የምጽፈው አጣሁ። አብረን የኖርነው ሁሉ አሮጌ ነው፤ አሁን ምን እንደሚሠራ እንኳ አላውቅም። ደወልኩ። አርባ ደቂቃ አወራን። በእንደዚህ ዓይነት ፍጥነት ዝርዝሩ ለገና ይደርስ ይሆናል። ለመምህሬ የጻፍኩላቸውን ግን ልንገራችሁ፦ «ጋሼ፣ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ መሆኑን ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ።»

እናንተን ሁላችሁንም በየስማችሁ ላዳርስ አልቻልኩም፤ ይቅር በሉኝ። ይህችን ለሌላ ሰው የምትልኩ ከሆነ ግን መጨረሻዋን አይታችሁ ላኩ።

አሁን በር ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ነው፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እርጥብ ጫማ፣ አዲስ ሹራብ። «እንቁጣጣሽ!» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ቢጫ አበቦች፣ ሣር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዓይንና ሽፋሽፍት ያላት ፀሐይ። አንደኛው ዓይኗ ከሌላው ይበልጣል። አስተማሪነቴ አልለቀቀኝምና «አንተ ነህ የሳልከው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ።

«አበቦቹን እህቴ ናት» አለኝ። «ፀሐይዋን ግን እኔ ነኝ።»