ሰርተፊኬት ያለው የካሊብሬሽን ላብ (ላቦራቶሪ) ሁሉ ትክክል ነው ያለው ማነው?

ፍሎው ሜትር (የፈሳሽ ፍሰት መለኪያ) ካሊብሬት አስደርጋችሁ (ከታወቀ መለኪያ ጋር አስመሳክራችሁ) ሰርተፊኬቱ ላይ «ስህተት +0.12 ፐርሰንት፣ አንሰርተንቲ 0.10» (አንሰርተንቲ ማለት ውጤቱ ግራና ቀኝ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ላቡ የሚሰጠው ግምት ነው) የሚል ስታዩ በቃ አለቀ ብላችሁ ፋይል ውስጥ እንዳትወረውሩት። እሱ ላቡ ስለራሱ የሰጠው ምስክርነት ነው። ያንኑ ሜትር ሌላ ላብ ወስዳችሁ −0.15 ቢላችሁስ፣ ማንን ልታምኑ ነው?

ላቦችን እርስ በርስ ማወዳደር የመጣው ለዚህ ነው፣ የካሊብሬሽንና የፍተሻ ላቦች ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይኤስኦ/አይኢሲ 17025ም ቢሆን ላቦች እንዲህ አይነት ንጽጽር ውስጥ እንዲገቡ ይፈልጋል። አንድ የተመረጠ ሜትር (ትራንስፈር ስታንዳርድ ይሉታል፣ ብዙ ጊዜ ፍሰቱ በሚያሽከረክረው ጎማ የሚለካ ተርባይን ወይ በሚርገበገብ ቱቦ የሚለካ ኮሪዮሊስ) ከላብ ላብ ይዞራል፣ ሁሉም በየራሱ ሪግ (የመለኪያ መስመር) በተመሳሳይ ፍሰት ይለካዋል፣ አስተባባሪው ላብ ግን ሲላክም ሲመለስም ይለካዋል፣ ምክንያቱም ሜትሩ ራሱ መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ተቀይሮ ከሆነ ጥፋቱ ላቦቹ ላይ መላከክ የለበትም። ጎበዞቹማ ሁለት ሜትር አከታትለው ገጥመው ይለኩና ቦታ አቀያይረው ይደግሙታል፣ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ካጋደሉ ተጠርጣሪው ላቡ ነው።

ሂሳቡ ደግሞ አይከብድም። የሁለቱን አንሰርተንቲ ስኩዌር አርጋችሁ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ፣ የውጤቶቹን ልዩነት ለሱ አካፍሉ። ኢኤን ነምበር ይባላል፣ ከ1 ካልበለጠ አለፋችሁ። በላይኛው ምሳሌ ሁለቱም ላብ 0.10 ካሉ ልዩነቱ 0.27፣ ሩቱ 0.14 ገደማ፣ ውጤቱ 1.9፣ አልተስማሙም ማለት ነው። አሁን ግን ሁለቱም «አንሰርተንቲያችን 0.30 ነው» ቢሉ ያው 0.27 ልዩነት ኢኤኑን 0.64 ያደርገውና ሁለቱም ያልፋሉ! ሜትሩ ያው፣ ውሃው ያው። ስለዚህ «ንጽጽሩን አልፈናል» የሚል ላብ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት አንሰርተንቲ ነው ያለፋችሁት ብዬ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል ካላችሁ ብዙ ጊዜ ከተናቀ ነገር ነው። ውሃውን ታንክ ውስጥ ሰብስቦ የሚመዝን ላብ አየሩ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋበትን ካላረመ እሷ ብቻዋን 0.1 ፐርሰንት አካባቢ ትበላለች። ከሜትሩ በፊት በተለያየ አቅጣጫ የታጠፉ ሁለት ኤልቦዎች (የቧንቧ መታጠፊያዎች) ካሉ ውሃው እየተሽከረከረ ይገባል፣ ተርባይኑም ይሳሳታል። የአየር አረፋም አለ።

ሌላ የማይወራ ነገር፣ ሁለቱ ላቦች ሪፈረንሳቸውን (ማመሳከሪያ መለኪያቸውን) ያስለኩት አንድ ቦታ ከሆነ አብረው ሊስማሙ አብረውም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ለዚህ ነው ከላይ ያሉት ብሔራዊ የልኬት ተቋማት ራሳቸው በ1999 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሲአይፒኤም (ዓለም አቀፉ የልኬት ኮሚቴ) ስምምነት መሰረት እርስ በርስ የሚወዳደሩት፣ ውጤታቸውም ማንም በሚያየው ዳታቤዝ ላይ ይወጣል።

ላብ ስትመርጡ እንግዲህ የንጽጽር ሪፖርቱን ጠይቁ፣ ፈሳሹንና የፍሰት መጠኑንም እዩ። በውሃ ያለፈ ላብ ስለናንተ ወፍራም ዘይት ብዙም የነገራችሁ ነገር የለም፣ ቪስኮሲቲው (የፈሳሹ ውፍረት) ሲቀየር የተርባይኑ ኬ ፋክተር (በአንድ ሊትር የሚሰጠው የምት ብዛት) አብሮ ይቀየራልና።